የሁለት ተኩሉ ሰላምታ

«እስቲ ለእሷም ንገራት፤ አሁን መምጣቷ ነው» አሉት የሟች ሚስት፣ አጠገባቸው የተቀመጠችውን የባላቸውን ታናሽ እህት በአገጫቸው እያሳዩ።

ሃዲድ መርማሪው የሻይ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንዳወራው እሱም አያውቅም።

«ሁለት ተኩል ላይ በአሮጌው ፌርማታ ሳልፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። እንዴት አደሩ ጋሼ አልኳቸው። ደህና አሉኝ።»

«ደህና፣ ወንድሜ ነው ያለው» ብለው ሚስትየው አረሙት።

በመጀመሪያው ቀን ወሬው ያቺው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። በማግስቱ «ወንድሜ» ተጨመረባት። ዛሬ ደግሞ አንድ ጎረቤት «ፈገግ ብለው» ሲል ሰማ፤ ፈገግታውን ማን እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። ወሬ ባደረ ቁጥር ይወፍራል፤ እሱም እያፈረ ሳያርመው አሳለፈ።

ሥራው በየጠዋቱ ሃዲዱን በእግሩ እየተከተለ የላላ ብሎን መፈለግ ነው። ዓይኑ ከብረቱ ስለማይነሳ ጓደኞቹ «አንገት ደፊ» ይሉታል፤ «አገር አጥፊ» የሚለውንም እየሳቁ ይጨርሱለታል። ሟቹ ጡረታ የወጡ የባቡር ምልክት ሠራተኛ ነበሩ። ቤት መቀመጥ አልሆንላቸው ብሎ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ እየወጡ ባቡር የማይቆምበት አሮጌ ፌርማታ ላይ ሰዓታቸውን ይዘው ይቀመጡ ነበር። «አራት ደቂቃ ዘገየ! በእኛ ጊዜ ቢሆን ሹፌሩ ይጠየቅ ነበር» ይሉት ነበር፣ የዘገየው እሱ ይመስል።

ያን ቀን ሰላም ብሏቸው አለፈ። አምስት ሰዓት ላይ ሲመለስ አንድ የጭነት ባቡር እየተግተለተለ አለፈና ነፋሱ ባርኔጣቸውን ወሰደው። ሮጦ አነሳው፤ አቧራውን አራግፎ «ጋሼ፣ ሊያመልጥዎት ነበር» እያለ ዘረጋላቸው። አልተቀበሉትም። እንደ ልማዳቸው እየቀለዱበት መስሎት ቆሞ ጠበቀ። ቆይቶ ነው እጃቸውን የነካው። ከዚያም ሰው ከመጥራቱ በፊት ፊት ለፊታቸው ያለውን ብሎን አጠበቀ። ብሎኑ አልላላም ነበር፤ ለምን እንዳጠበቀው እስካሁን አልገባውም።

ብርጭቆውን ሊመልስ ወጥ ቤት ሲገባ የሟቹ ልጅ ተከትላው ገባችና በሩን ገርበብ አደረገች።

«የሐኪሙን ወረቀት ዛሬ ሰጡኝ» አለችው በሹክሹክታ። «ያረፈው ገና ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው ይላል። እንደተቀመጠ ማለት ነው።»

«እኔ እኮ ሁለት ተኩል ላይ ነው ያለፍኩት።»

«እኮ! ታዲያ ማን ነው የመለሰልህ?»

እሱ ብርጭቆውን ያለቀልቅ ጀመር።

«እማዬ ያን ዕለት ተቆጥታው ነበር» አለች። «ከፈለግህ ከሃዲድህ ጋር ኑር ብላው፣ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። እህል የቀመሰችው ደህና ማለቱን ከአንተ ከሰማች በኋላ ነው። ንገራት አልልህም፤ አትንገራትም አልልህም። እኔም ግራ ገብቶኛል።»

ድምፃቸው አሁንም ጆሮው ላይ ነበር፤ ሻከር ያለ፣ መጨረሻው የሚጎተት። ግን የዚያ ቀን ድምፅ ነው ወይስ የዋዜማው? ያላየውን ብሎን አየሁ ብሎ አንድ ቀን ፈርሞ አያውቅም። ሰውየውን ግን ሳያይ ደህና ናቸው ብሎ አልፏል፤ ሳያይ መስክሮላቸዋል።

ሲመለስ እትዬ፣ የሟቹ ሚስት፣ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት።

«ፊቱስ እንዴት ነበር?» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። «የተቀየመ ይመስል ነበር?»

«አላየሁም፣ እትዬ።»

«ምኑን?»

«ፊታቸውን። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ደህና ሲሉኝ የሰማሁ መስሎኝ ነበር። የዚያ ቀን ይሁን የሌላ ቀን፣ አሁን አላውቅም። ሐኪሙ ከዚያ በፊት ነው ያረፉት ብሏል።»

የባላቸው እህት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እኔም አላየሁትም» አሉ እትዬ። «ጀርባዬን ሰጥቼው ዕቃ አጥብ ነበር። ሄድኩ ያለኝ ይመስለኛል። ይበል አይበል ግን እንጃ። በሩ ሲዘጋ ነው የሰማሁት።»

በዚህ መሃል አንድ የሟቹ የድሮ የሥራ ባልደረባ ገባ። ጎንበስ ብሎ አጽናናቸውና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ደህና ነኝ ብሎ ነው ያረፈው ሲሉ ሰማሁ» አለ። «እውነት ነው?»

ሃዲድ መርማሪው ሹልክ ብሎ ለመውጣት ሲነሳ፣ እትዬ የእጅጌውን ጫፍ ያዙት።

«እኛም እንጃ» አሉት እንግዳውን። እጅጌውን ግን አልለቀቁትም፤ እሱም ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።