ውኃ የጠጡት ዛጎሎች

ቱዳ ከተራራ ወርዳ ለባሕር ጠረፍ ሰው ከተዳረች ወዲህ የዝናቡ ወራት ገብቶ ወጥቷል፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ባሕሩን የምታውቀው ከሩቅ ነው። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ውኃው ወደ ኋላ ይሸሽና ዓለቶቹ ሥጋው የሚበላ ጥቁር ዛጎል እንደለበሱ ብቅ ይላሉ። ያኔ የመንደሩ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ቅርጫትና መፈልፈያ ብረታቸውን ይዘው፣ እየተሳሳቁ ቁልቁል ይወርዳሉ። ቱዳ ከጣሪያው ላይ ሆና ታያቸዋለች። ሳቃቸው እሷ ዘንድ ይደርሳል፤ በምን እንደሚስቁ ግን አይሰማም፤ ከሁሉ የሚያበሳጫትም ይኸው ነበር።

የከለከሏት አማቷ ላላ ማማስ ናቸው፤ ላላ በዚያ አገር እሜቴ እንደማለት ነው። ዛጎል በመልቀም በዚያ መንደር የሚስተካከላቸው የለም፤ በምላስም እንደዚያው። ምራታቸውን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። «የተራራዋ» ይሏታል፤ የተራራዋ ሽንኩርቱ ተላጠ ወይ፣ የተራራዋ በሩን ዝጊው። ክፋት የለባቸውም፤ ግን ማን በስሙ መጠራት የማይወድ አለ? ባሏ ኢዴር ስለ እሷ በለመነ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፤ ዛጎል ቤት ውስጥ በሕይወት ማሳደር የማትችል ሴት ከዓለት ላይ ልትነቅለው አይገባም። ማሳደሩን እንዳትሞክር ደግሞ ቅርጫቱን አያስነኳትም። እንግዲህ ይኼ ዳኝነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቃቸው አልተገኘም።

አጋጣሚው የመጣው በእንግዳ ነው። አጋዲር ከተማ የተዳረችው የማማስ ልጅ ኪልቱማ እርጉዝ ናት። የባሏን አባት ሲ ብላይድን ይዛ ለምሳ እንደምትመጣ ላከች፤ ሽማግሌው የማማስን ደጃፍ ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። ማማስ ባሕርን አያምኑም። ነገ ማዕበል ቢነሳ ለእንግዳ ባሕሩ እምቢ አለን አይባልም ብለው በዋዜማው ወረዱና ቅርጫቱን ጢም አድርገው ተመለሱ። ወገባቸውን ይዘው ቱዳ ፊት አስቀመጡት።

«ወገቤ ተቆርጧል፤ ልተኛ ነው» አሉ። «ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚነካው ቦታ አኑሪው። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። ክዳን አትግጠሚበት፣ ይታፈናል። ከዚህ ሌላ ምንም አታድርጊ። ገባሽ የተራራዋ? ምንም።»

ቱዳ የተባለችውን አንድም ሳታጓድል አደረገች። እዚያ ላይ ብታቆም ኖሮ ደግ ነበር።

ነገር ግን ጥቂት ቆይቶ ቅርጫቱ ማውራት ጀመረ። ከጨርቁ ሥር ቂጭ ቂጭ ይላል፤ አንዱ ከንፈሩን እንደሚመጥ ሰው ይሆናል፤ ሌላው ይመልስለታል። ቱዳ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየች። አፋቸውን ከፈት ከደን ያደርጋሉ። የጠማቸው መሰላት። በእሷ አገር ሕይወት ያለው ነገር ደጃፍ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሰጠው ውኃ ነው። እንግዳም ይሁን፣ የእንግዳው በቅሎም ይሁን፣ ከገበያ እግሯን ታስራ የመጣች ዶሮም ትሁን፣ ከየት መጣህ ከመባሉ በፊት ውኃ ይቀርብለታል። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ተራራ የጠማውን አይቶ ዝም ማለት ነውር ነው፤ ሰውን ከነዘሩ ያሰድባል።

ስለዚህ ወደ ጓሮ ሄደች። ማማስ ለሻይ ብቻ ብለው ከሚሳሱለት ከዝናብ ውኃ ጉድጓድ ቀዝቃዛ ጣፋጭ ውኃ ቀዳች፤ ትልቁን ገንዳ ሞላችና ዛጎሎቹን አንድ በአንድ አስገባቻቸው። ወዲያው አፋቸውን ገጥመው ጸጥ አሉ። «ጠጥተው ተኙ» አለች ለራሷ፣ ደስ ብሏት። እርጥቡን ጨርቅ ከላይ ዘረጋችበት። ማታ ማማስ በዚያ ሲያልፉ ጨርቁን አዩና «እህ» አሉ። ከማማስ አፍ እህ ማለት ምርቃት ነው። ቱዳ ዓለቱን በሕልሟ ስትረግጥ አደረች።

ጠዋት ጨርቁን ስታነሳ ሌላ ነገር ጠበቃት። ግማሾቹ አፋቸውን በሰፊው ከፍተዋል። አንዱን በጣቷ ቆረቆረችው፤ አልዘጋም። ሁለተኛውን ከገንዳው ጠርዝ ጋር አጋጨችው፤ እሱም ያው ነው። ከውኃው ደስ የማይል ሽታ ተነሳ። ኢዴርን ጠራችውና ያደረገችውን ነገረችው። ኢዴር አንዴ ገንዳውን አንዴ እሷን አየ፤ ከንፈሩን ነከሰ፤ በመጨረሻ አልቻለም፣ ግድግዳ ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድለት ዛጎል የባሕሩን ውኃ በአፉ ይዞ እንደሚኖር፣ ከዓለቱ ሲወርድም የሚበቃውን ጎርሶ እንደሚመጣ፣ ጨው የሌለው ውኃ ግን መርዙ እንደሆነ አስረዳት። እንባዋን ሲያይ ደግሞ አዘነላት። የተዘጉትን መርጠሽ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት ጠንከር አድርጊባቸው፣ የእናቴ አፍንጫ እንደ ድሮው አይደለም አላት።

ቱዳ ነገሩን አሰበችበት። አላሰበችም ብል እዋሻለሁ። ከተናገረች ዓለቱን ዕድሜ ልኳን ከጣሪያ ላይ ልታየው ነው። ግን የተዘጉትስ ቢሆኑ ከሞቱት ጋር በአንድ ውኃ አይደል ያደሩት? ኪልቱማ ደግሞ ለሁለት ነው የምትበላው። ገንዳውን በሁለት እጇ አንጠልጥላ አማቷ ፊት ወስዳ አኖረችው።

ማማስ ዝቅ ብለው አሸተቱ። አንዱን ዛጎል አንስተው ቆረቆሩት።

«ምን አደረግሻቸው?»

«ውኃ አጠጣኋቸው ላላ።»

«ውኃ?»

«የጠማቸው መስሎኝ ነው። ቂጭ ቂጭ ሲሉ አንጀቴን በሉት።»

«የቱን ውኃ?»

ቱዳ አቀርቅራ ወደ ጓሮ ጠቆመች። ማማስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ የወረደውን ስድብ ሁሉ አልደግመውም፤ ስለ ተራራ፣ ስለ ፍየል፣ ስለ ሻይ ውኃቸውና ይህን ጋብቻ ስላማለደ ሰው ሁሉ ነበረበት። ኢዴር በተራው የተዘጉትን መርጠን ብንሠራስ ብሎ ሲሞክር ስድቡ ወደ እሱ ዞረ። ማማስ ገንዳውን ራሳቸው አንስተው፣ ሙት ከሕያው ሳይለዩ፣ ከቤቱ ኋላ ለባሕር አሞሮች ደፉት። ቱዳ ነገሩ በዚህ አበቃ ብላ ወደ ሽንኩርቷ ልትመለስ ስትል ባዶው ቅርጫት እግሯ ሥር ወደቀ።

«ወዴት ነው? የገደለ ይተካል። ባሕሩ እየሸሸ ነው፤ ቀሚስሽን ሰብስቢ።»

ዓለቱ ላይ ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። በዚያ መንደር ወሬ እግር ብቻ ሳይሆን ክንፍም አለው። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ዞሩ። አንዷ ውኃውን ከጠጡ በኋላ ሻይስ አላቀረብሽላቸውም ወይ አለቻት። ሌላዋ ምንጣፍ አንጥፈሽ አስተኛሻቸው ወይ ብላ ጠየቀች። ቱዳ ፊቷ ቢቀላም ሳቋ አመለጣት፤ ናና አልቆ ነው እንጂ ሻዩ አይቀርም ነበር አለቻቸው። ሳቁ ዓለቱን አናወጠው። በምን እንደሚሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች፤ የሚሳቀው በራሷ ቢሆንም ቅር አላላትም።

ማማስ ለባሕር ጀርባ እንደማይሰጥ፣ ትልልቁ ተወስዶ ትንንሹ ለከርሞ እንደሚተው፣ የተሰበረ ዛጎል ቅርጫት እንደማይገባ እየጮሁ አሳዩዋት። አሳይተው ሳይጨርሱ ግን ቱዳን ሌሎቹ በእጅ በጉልበት የሚወጡትን ዓለት ዘልላ አናቱ ላይ ወጥታ አገኟት። በሕፃንነቷ ፍየል ፍለጋ ስትንጠላጠል ያደገች ናት። ማማስ ቀና ብለው አዩዋት፤ ስድብ ፈልገው አጡ መሰለኝ፣ መፈልፈያ ብረታቸውን ብቻ ወደ ላይ አቀበሏት።

ቅርጫቱ ሞልቶ ቤት ሲገባ ውኃ አጠጪዋ ፋታ አልተሰጣትም። ቅርፊቱን ፍቃ፣ ከጎኑ የተንጠለጠለውን ጢም መሳይ ክር ነቅላ፣ አፉን የከፈተውን እየቆረቆረች ለየች፤ የዘጋ ይገባል፣ እንደከፈተ የቀረ ይጣላል። ድስቱ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውኃ አልተጨመረችም። እሳቱ ሲበረታ ዛጎሎቹ የጎረሱትን ባሕር እያፈሰሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከእሳት በኋላ ተዘግቶ የቀረ ግን አይበላም አሏት ማማስ። ከዚያ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን። በሩ ሲንኳኳ ሽታው ከእነሱ ቀድሞ ለእንግዶቹ ከፈተላቸው።

ምሳው ደራ። ሁሉም ከየፊቱ በገብስ ዳቦ እየጠቀሰ ይበላል። ቱዳ እንደ ወጉ የውኃ ማሰሮ ይዛ ከኋላ ቆማለች። አዲስ ምራት እንግዳ ፊት አትናገርም፤ ከእንግዳ ፊት ምግብ ማንሳትማ ጭራሽ አይታሰብም። ሲ ብላይድ ከቲማቲሙ ሥር አንድ ትልቅ ዛጎል አወጡ። ድፍን ነው። ቱዳ ከድስቱ ስታወጣ አልፏታል።

«አያችሁ» አሉ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው፣ «ምርጡ ይኼ ነው፤ እሳት እንኳ ያልደፈረው። የልጅ ልጄን ለተሸከመችው ይገባል።» ሰንጢያቸውን አወጡና ዛጎሉን ፈልቅቀው ለኪልቱማ ሊያጎርሱ አሰቡ። ኪልቱማ አማቷን እምቢ ማለት አትችልም። ማማስ ድፍኑን አይተው እጃቸው ዳቦው ላይ ቆመ፤ ግን የክብር እንግዳን እጅ እንዴት አድርገው ይያዙ?

ቱዳ ማሰሮውን አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ ዛጎሉን ከሽማግሌው እጅ ወሰደችው።

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ» አለች። «እሳት ላይ ያልከፈተ አይበላም። ከድስቱ በፊት የሞተ ሊሆን ይችላል፤ ሊያሳምማት ይችላል።»

ኢዴር ወደ ጣሪያው አየ። ሲ ብላይድ ባዶ እጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ወጣቷን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከቷትና ወደ ማማስ ዞሩ።

«ይቺ ልጅ የየት አገር ሰው ናት?»

ቱዳ መልሱን ታውቀዋለች። የተራራዋ ሲሏት እስኪበቃት ሰምታለች። አቀርቅራ ጠበቀች።

ማማስ ዳቦአቸውን ጠቅሰው ጎረሱ፤ አላመጡ፤ ዋጡ።

«ቱዳ?» አሉ። «የዚሁ የኛ ዓለት ልጅ ናት።»

ኪልቱማ እናቷን በመደነቅ አየች። ሲ ብላይድ ሰንጢያቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ባሕሩን የሚያውቀውን ሰው መስማት ነው አሉ። ማማስ በጎናቸው ያለውን ምንጣፍ መታ መታ አድርገው ምራታቸው እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቁላት። ቱዳ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቆማ ቀረች።

«ቁጭ በይ እንጂ፤ ነገም በጠዋት ነው የምንወርደው» አሉ ማማስ፣ ኩባያቸውን ወደ እሷ እየዘረጉ። «በፊት ግን ውኃ ቅጂልኝ። እኔ እንኳ ይጠማኛል።»