እጅ ያልገባበት ካልሲ

እኔና ታላቅ እህቴ ካልሲ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል። ሥራችን እንከን መፈለግ ነበር። እኔ ካልሲውን መብራት ላይ ዘርግቼ አየት አድርጌ አሳልፋለሁ። እሷ ግን በእያንዳንዱ ካልሲ ውስጥ እጇን አስገብታ እስከ ጫፉ ትዳስሳለች። እኔ ሁለት ሣጥን ስጨርስ እሷ ገና አንዱ ላይ ናት።

«እትዬ፣ ለሙሽራ ነው እንዴ የምትፈትሺው?» እላታለሁ።

«አንቺ ደረቅ፣ መብራት የሚያሳይሽ ቀዳዳ ነው። ቋጠሮ የሚገኘው በእጅ ነው።»

ከእኔ ሣጥን ደግሞ ቋጠሮ እየለቀመች፣ በትንሽ መቀሷ እየቆረጠች ትመልስልኛለች። አለቃችን አንድም ቀን አላወቀብኝም። ማታ ክንድ ለክንድ ተያይዘን እየሳቅን ወደ ቤት እንሄድ ነበር።

እሷን የወሰዳት የአንጀት ካንሰር ነው። ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር።

ያከመቻት ዶክተር «እህትዎ በዚህ ከሞቱ እርስዎም ይታዩ፤ ከታች አንጀት ውስጥ በሚገባ ካሜራ» አለችኝ። በዚያ በኩል ገመድ አይገባብኝም፣ ሲቲ ስካን ይበቃኛል ብዬ ድርቅ አልኩ። ሲቲ ስካኑን ተነሣሁ። ንጹሕ ነው ተባለ።

«ሲቲ ስካን ትልልቁን እብጠት ብዙም አይስትም» አለች ዶክተሯ። «ትንሿ ግን ብዙ ጊዜ ታመልጠዋለች። ቢያገኛትም አይቆርጣትም። በካሜራው ያየናትን እዚያው ቆርጠን እናወጣለን።»

«ካሜራውስ አይስትም?»

«ይስታል፤ ግን ያነሰ።»

አለመዋሸቷን ወደድኩላት። እንዲያም ሆኖ ለመሄድ ቦርሳዬን አንስቼ ነበር። ያኔ እኔ ንጹሕ ነው ብዬ ካሳለፍኩት ሣጥን እህቴ የለቀመቻቸው ቋጠሮዎች ድቅን አሉብኝ።

«መቼ ልምጣ?» አልኩ።

ከምርመራው በፊት የሚሰጠውን የአንጀት ማጽጃ መድኃኒት ጠጥቼ መጸዳጃ ቤት የዋልኩትን አላወራውም። ማደንዘዣውንም እምቢ ብዬ ሁሉንም በስክሪኑ አየሁት። አንጀቴ ሮዝ ነው፣ እጥፋት በእጥፋት። ከአንዱ እጥፋት ጀርባ ምስር የምታክል ነገር ተቀምጣለች። ዶክተሯ በቀጭን ሽቦ አንቃ ቆረጠቻት።

በሳምንቱ ውጤቱ መጣ። «ክፉ አልነበረችም፤ ብትቆይ ግን ልትከፋ ትችል ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ይመለሱ።»

«ቀኑን ጻፊልኝ።»

«እናቴ፣ የአምስት ዓመት ቀጠሮ የሚጻፍበት መዝገብ የለንም እኮ።»

ከወንበሩ አልተነሳሁም። ዶክተሯ በሩን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ ወረቀት ሳበችና ጻፈች።