የጠገበችው ጭልፊት

የሌላውን ሰው ዝና ለብሶ እንግዳ የሚቀበል ሰው በዚያው እንግዳ ፊት ይገፈፋል። ለዚህ ሩቅ ምስክር አልጠራም፤ የተገፈፍኩት እኔው ነኝና።

እኔ ሙሰበህ የዱባይ ተወላጅ ነኝ። ከተማችን በገበያ አዳራሽ ውስጥ በረዶ ስታዘንብ፣ ባሕር ላይ አሸዋ ከምራ ደሴት ስትሸጥ፣ «ይህ ሁሉ ማስመሰል ነው» እያልኩ በየሰዉ ሳሎን የምገሥጽ ጻድቅ ነበርኩ። ከጉምሩክ ጡረታ ስወጣ ግን ከከተማው ውጭ ለሂባብ በሚባለው በረሃ ድንኳን ተክዬ ለቱሪስቶች የበረሃ ኑሮ መሸጥ ጀመርኩ። አባቴ በዴይራ ወደብ ዓሣ ሻጭ ነበር፤ ግመል ሲያይ መንገድ ይለቅ ነበር። ለዓሣ ሻጭ ልጅ ደግሞ የትኛው ቱሪስት ይከፍላል? ስለዚህ አባቴን፣ ከሞተ በኋላ፣ ጭልፊት አሠልጣኝ አደረግሁት።

ዘንድሮ አንድ ትልቅ ሆቴል ለሙከራ እንግዶች ላከልኝ። ከወደዱልኝ የብርዱን ወራት በሙሉ ሊልክልኝ ነው። ጭልፊት ግን አልነበረኝም፤ ከሚስቴ ወንድም ከሁመይድ ተዋስኩ።

«አቡ ሰይፍ፣ ስማኝ» አለኝ፣ በልጄ ስም ጠርቶኝ፣ ወፏን ሲያስረክበኝ። «ዛሬ ምንም አልበላችም። ሳትበር አንዲት ቁራሽ እንዳታቀምሳት። ከጠገበች ምን ጎድሎባት ወደ አንተ ትመለሳለች?»

«እኔን ልታስተምር ነው?»

«አንተንማ እህቴም አላስተማረችህ! በሚቀጥለው ሳምንት ውድድር አለባት። ብትጠፋ ዓይንህን እንዳላይ።»

ሚስቴ ዓፍራ ከበሩ ላይ ሆና ጨመረች፦ «ዓሣ መስላው በመረብ እንዳይከታት ብቻ!»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እንግዶቹ ከሆቴሉ አስተርጓሚ ከናዲም ጋር መጡ። የቆዳ ጓንት አጥልቄ፣ ወፏን አስቀምጬበት፣ ስለ አባቴ ጀመርኩ። «አላህ ይዘንለትና፣ ጭልፊቶች በስማቸው ሲጠራቸው ይመጡ ነበር» አልኩ። ናዲም ሳያዛንፍ ተረጎመ።

አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ግን ወፏን እንጂ እኔን አያዩም ነበር። «በጣም ከስታለች» አሉ። «ርቧት ይሆን?»

ይህ ቃል አጥንቴ ድረስ ገባ። በእኛ ዘንድ በድንኳን ውስጥ የተራበ ነፍስ፣ ሰውም ይሁን ከብት፣ የባለድንኳኑ ውርደት ነው። የሁመይድ ማስጠንቀቂያ ትዝ አለኝ፤ ግን ስስታም ከመባል ሞኝ መባልን መረጥኩ።

«በእኔ ቤት የሚራብ የለም!» ብዬ አወጅኩ፤ አንድ ድርጭት አቀረብኩላት። እንግዶቹ ፎቶ አነሡ። ደስ ስላለኝ ሌላ ደገምኩ።

ከዚያም ዓይኗን የሸፈነውን የቆዳ ቆብ አንሥቼ ለቀቅኳት። አምራ ወጣች። ላባ የታሰረበትን ማባበያ እያሽከረከርኩ ተጣራሁ። ወፏ፣ በቃኝ ካለ በኋላም ሰሐኑን የሚሞላበትን ባለቤት እንደሚያይ እንግዳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተመለከተችኝና ወደ ከተማው አቀናች። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

«መቼ ትመለሳለች?» አሉ አሮጊቷ።

«አባቴ ያስተማራቸው ወፎች ከራት በኋላ ትንሽ ይንሸራሸራሉ» አልኩ።

ጅራቷ ላይ ግን መከታተያ ነበረባት። ሁመይድ በስልኩ ላይ ወፏ ስትርቅ አይቶ ኖሮ፣ መኪናውን እያስጓራ መጥቶ ድንኳኑ መሐል ቆመ።

«ወፌ የት ናት?»

«ሽርሽር ላይ ናት።»

«ምን አበላሃት?»

የቆዳ ጓንቴን ማውለቅ ጀመርኩ። አሮጊቷ ጥያቄው ሲተረጎምላቸው ሊረዱኝ ብለው ሁለት ጣት አወጡ፦ «ሁለት ድርጭት! ልክ አባታቸው እንዳስተማሯቸው!»

«አባቱ?» አለ ሁመይድ። «ኧረ እሳቸውስ ዓሣ ሻጭ ነበሩ! ያውም ደግ ዓሣ ሻጭ። እናቴ ስትገዛቸው ሁልጊዜ መርቀው ነበር የሚሰጧት። ምናቸው አሳፍሮህ ነው?»

ናዲም ይህንንም ሳያዛንፍ ተረጎመ፤ ለዚሁ ነበር የተቀጠረው። ከዚያ በኋላ ያጨበጨበ የለም።

ወፏ በማግሥቱ በአንድ ሕንፃ ሰገነት ላይ የክንፏ ላባ ተሰብሮ ተገኘች፤ ውድድሩም አመለጣት። ሆቴሉ ሌላ እንግዳ አልላከልኝም። የሆቴሉ አቤቱታ የቀረበለት የቱሪዝም መሥሪያ ቤትም ለእንግዶች ሐሰት በመናገሬ የአስጎብኚነት ፈቃዴን ሰረዘ፤ ድንኳኔንም በራሴ ወጪ አስነሣኝ። ሁመይድ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን አይቀበልም።