የፕሪዊት ግራ ጉልበት

የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ልውውጥ የሚዘጋው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሬናታ ፊት ለፊት በተሰቀለው ነጭ ሰሌዳ ላይ ሁለት ዓምዶች ተጽፈዋል። በክለቧ ተጫዋች በቴሮን ፕሪዊት ምትክ የምዕራቡ ክለብ ሁለት ወጣት ተጫዋቾች ይሰጣል። የደቡቡ ክለብ ደግሞ አንድ ነባር ኮከብና የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን፣ ማለትም ገና ኮሌጅ ያልረገጡ ልጆችን ቀድሞ የመውሰድ መብቱን። መዝና «ይሄኛው ይሻላል» ማለት የእሷ ሥራ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታዋለች።

በመስታወቱ ግድግዳ በኩል የልምምድ ሜዳው ከታች ይታያል። ቴሮን እየዘለለ ነው። የሚያርፈው በቀኝ እግሩ ብቻ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት የዝላዩ ቁጥር ሲወርድ አይታ ጠይቃው ነበር።

«አርጅቻለሁ ሬኒ፣ ጡረታ አውጪኝ» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠው። «ስለ ጉልበቴ ለሐኪሙ እንዳትነግሪ። አንዴ ካስቀመጡኝ አልነሳም።»

«ከባሰብህ ግን ራሴ ወርጄ ነው የማስቆምህ።»

«እሺ እማዬ!»

ዛሬ ብሶበታል።

የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ጋሬት ሆሊስ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ገባ። «ደቡቦቹ አራተኛ ምርጫ ሊጨምሩ ነው!»

«ጋሬት፣ ልጁን ከሜዳ አስወጣው። ልውውጡ የደረሰ ተጫዋች ልምምድ አይሠራም፤ ሁሌም እንደዚያ ነው የምናደርገው።»

«ለዚያ እኮ ነው የማላስወጣው! በሩ ላይ ጋዜጠኛ ተኮልኩሏል። ከተቀመጠ ደቡቦቹ እኛ ወስነን የጨረስን ይመስላቸዋል፣ አራተኛዋ ምርጫም ትቀራለች።»

«ግራ ጉልበቱ ደህና አይደለም።»

ሆሊስ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። «ሐኪሙ ጽፎታል?»

«አልጻፈም።»

«እንግዲያው ደህና ነው። ይህን ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ እንዳልሰማው።»

የክለቡ አለቆች የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ግድግዳቸው በዲግሪ ተሸፍኗል። ግን ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ሕመም እንደማያም ያምናሉ። የሰውን ሥጋ በሰሌዳ ላይ ደምረው ቀንሰው ሲያበቁ እጃቸውን እንኳ አይታጠቡም። ሬናታ ይህን ስታስብ ፊቷ በቁጣ ጋለ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ያለው የራሷ የእጅ ጽሑፍ መሆኑን አየች።

ተነሳች። እስከ ሜዳው ድረስ አሥራ ስምንት ደረጃ ብቻ ነው።

«ጨመሩ!» ሆሊስ ጮኸ። «አራተኛውን ጨመሩ! ግን ነባሩን ኮከብ በሌላ ሊቀይሩት ይፈልጋሉ። ቶሎ መዝኚው፣ መልስ እየጠበቁ ነው!»

አምስት ደቂቃ ብቻ፣ አለች በልቧ፤ ጨርሼ እወርዳለሁ። ተቀመጠች። የአዲሱን ሰው ዕድሜ፣ የቀረውን ውል፣ ያመለጡትን ጨዋታዎች አየች። ከታች የጫማ ሲጥ ሲጥታ ይሰማታል። ሥራዋን ትችልበታለች።

«አሁንም ደቡቡ ይሻላል» አለች።

ሆሊስ ወደ ስልኩ ዞረ። «ተስማምተናል።»

የጫማው ድምፅ ቆመ። ኳሷ ብቻዋን ነጠረች፤ ደግማ ነጠረች፤ እየቀነሰች እየቀነሰች ሄደች። የሚያነሳት አልነበረም። ከዚያ አንድ ሰው ጮኸ፣ ጩኸቱም የቴሮን ነበር።

ሬናታ ወደ መስታወቱ ዞረች። ሆሊስ አልዞረም። የግድግዳውን ሰዓት ነበር የሚያየው፤ ስምንት ሰዓት ከአርባ ይላል።

«መጋረጃውን ዝጊው» አላት፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ።