ክሌተስ የጣለው ካርታ

ኦርቪልና ክሌተስ በወጣትነታቸው በአንዲት አሮጌ መኪና ቴክሳስን ከጫፍ ጫፍ እየዞሩ ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር የተጫወቱ ሰዎች ናቸው። ከከብት ነጋዴው፣ ከነዳጅ ቆፋሪው፣ አንዳንዴም ከሸሪፉ ጋር ሳይቀር ይጫወታሉ፤ ሲያሸንፉ ወንበዴ ሳይቀድማቸው ከከተማው ውልቅ ነው። ኋላ ሁለቱም ላስ ቬጋስ ገቡና እንጀራቸው ይኸው ቁማር ሆነ። ኦርቪል የሰው ፊት ያነባል ይባልለት ነበር። የክሌተስን ፊት ግን ዕድሜ ልኩን አንብቦት አያውቅም።

በዚያ ዓመት በታላቁ የፖከር ውድድር ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ካርታ የማድለው እኔ ነበርኩ። ኦርቪል የረባ ካርታ አልደረሰውም፤ ጥሩ ካርታ የያዘ መስሎ ክሌተስን አስፈራርቶ ለማስጣል፣ በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዙትን ጠጠር በሙሉ ወደ መሐል ገፋው።

ክሌተስ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ካርታዎቹን ገልጦ ጣላቸው። ሁለት ንጉሥ! መሐል ከተዘረጋው ጋር ሦስት፤ ቢቀጥል የሚያሸንፍ ካርታ ነበር።

«ይበቃኛል፤ ውሰደው» አለና የቀረውን ጠጠር ለኦርቪል ገፍቶለት ወጣ።

አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ፎቶ አንሺዎች ኦርቪልን ከበቡት፤ እሱ ግን ዋንጫውን እንደ ሰው ዕቃ ታቅፎ እኔን ይጠይቀኛል።

«አጠገቡ ነበርክ እኮ! ምን አይቶ ነው የጣለው?»

«እኔ በምን አውቄ?»

«አሳዝኜው ነው? ወይስ ዓይኑ ደክሟል?»

ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ጠፋበት። የሚዋሸውን እያመነ፣ እውነተኛውን እየጠረጠረ ማንም ጀማሪ ይበላው ጀመር። በመጨረሻ መኪናውን አስነሥቶ ክሌተስ ተመልሶ ወደሚኖርባት ወደ ቴክሳሷ ሉቦክ ነዳ።

በሩን የከፈተችው ኔልዳ፣ የክሌተስ ሚስት ናት። «እንኳን መጣህ» አለችው በሹክሹክታ፤ «ሰሞኑን ነገር ይጠፋበታል። አንዳንዴ ደግሞ ሆን ብሎ ይመስለኛል።»

ክሌተስ እንቁላሉን እየበላ ነበር። «አንተ ሌባ! ና ተቀመጥ! ለመሆኑ ዋንጫውን ማን ወሰደው?»

ኦርቪል ክው አለ። ክሌተስ እውነት ረስቶት ይሁን፣ ወይስ እሱን ላለማሳፈር እያስመሰለ፣ ሊለየው አልቻለም።

«አንተ ነሃ! አስለቅሰኸኝ እኮ ነው የሄድከው!»

ክሌተስ ሹካውን አስቀምጦ በሣቅ ፈረሰ። «ውሸት ድሮም አይሆንልህም!»

ኦርቪል ወደ ቬጋስ አልተመለሰም። እዚያው ሰፈር ቤት ተከራይቶ፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ከክሌተስ ጋር በጠጠር ፈንታ ባቄላ እያስያዙ ካርታ ይጫወታል። ባለፈው ስደውልለት፣ «ዛሬ በሟች ወንድሙ ስም ሲጠራኝ ዋለ» አለኝ። «አንጀቴን በላውና ጨዋታውን ልለቅለት ስል፣ የረባ ካርታ ሳይዝ አስፈራርቶ ባቄላዬን ጠራርጎ ወሰደው። ኔልዳን ምን ማለት ነው ብላት፣ እኔንም ግራ ገብቶኛል አለች።»