በር ላይ የቀረችው ዘሃራ
የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ደሴን ባስጨነቀበት በጋ፣ የአረጋውያን ማረፊያው ኃላፊ እታገኝ ያልተከተበ ተንከባካቢ እንዳታስገባ ታዘዘች። ከታቢዎቹ ግቢው ውስጥ ናቸው፤ ከቀትር በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ። ሌላው ተንከባካቢ ሁሉ ተከትቦ ዘሃራ ብቻ በር ላይ ቀረች።

ከውስጥ የምትንከባከባቸው አባ ይማም ስሟን ይጣራሉ። ግማሽ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ ከእሷ እጅ በቀር አይጎርሱም፤ ቁርሱንም ምሳውንም እምቢ ብለዋል።

እታገኝ በቁጣ ወጣች። "ሰውዬው በረሃብ ሊሞቱ ነው እኮ! መርፌ ነው የሚያስፈራሽ?"

"ወላሂ መርፌ አልፈራም፣ እትዬ።" ዘሃራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል። አሁንም ነፍሰ ጡር ነኝ። ፒያሳ ሴቶች ክትባቱ ጽንስ ያስወርዳል ሲሉ ሰማሁ።"

እታገኝ "ውሸት ነው" ልትል ቃጥቷት ተወችው፤ እሷም እርግጠኛ አልነበረችም። ከከታቢዎቹ አንዷን ነርስ ጠርታ ጠየቀቻት።

"ለነፍሰ ጡርም ይሰጣል" አለች ነርሷ። "በሽታው ግን ላንቺም በሆድሽ ላለውም አይራራም።"

የከታቢዎቹ መኪና ሞተር ተነሳ። እታገኝ ልትለምናት ፈለገች፤ ግን እንዲህ አለቻት፦ "ባትከተቢም ከሥራሽ አላስወጣሽም። ወረርሽኙ እስኪያልፍ ቤትሽ ትቆያለሽ።"

ዘሃራ ወደ አባ ይማም መስኮት ተመለከተች። "ቢስሚላህ" ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ መርፌው ሲገባ የእታገኝን እጅ ጨምድዳ ያዘች።

አባ ይማም እምቢ ያሉትን ምሳ በዘሃራ እጅ በሉ። ልጁ በሰላም እስኪወለድ ድረስ ግን፣ ዘሃራ ባረፈደች ቁጥር አስወረዳት ይሆን እያለ የእታገኝ ልብ ይርድ ነበር።