ወንበሮቹ ብቻ ተጠሩ

«እነዚህን ነው የማደርገው» አለች ድንቢጥ፣ ጫማዎቿን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ። «ማሰሪያው ላላ እንጂ አልጠበበኝም።»

የልዕልት እናት በሩ ላይ እንደቆመች ጫማዎቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ቀጥላ ጣሪያውን አየች። «አይ የኔ ቆንጆ» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ እንኳን የመጣሁት ለወንበሮቹ ነው።»

በልጅቷ አይፈረድም። ሴትዮዋ በሩን አንኳኩታ፣ ሰላምታው ገና ሳያልቅ «መቼም ቅዳሜ የልዕልት ልደት መሆኑን ታውቃላችሁ» ስትል፣ ለስድስት ዓመት ልጅ ሌላ ምን ሊመስላት ይችላል? ሃምሳ ልደፍን የተቃረብኩት እኔ እንኳ ጥሪ መስሎኝ ነበር። ድንቢጥ ቀጣዩን ቃል ሳትጠብቅ አልጋው ሥር ገብታ ጫማዋን ይዛ ወጣች። ሳይጠሩት አቤት ማለት ይሄ ነው ትሉ ይሆናል። ግን ልጅቷ ተጠርታለች። ልዕልት ራሷ ሳምንቱን ሙሉ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ የኬኩን ቀለም፣ የፊኛዎቹን ብዛት ስትነግራት ነበር የከረመችው። «አንቺ ከጎኔ ነሽ» ብላታለች፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅ የጠራውን እናት ትሰርዛለች ብሎ ማን ያስባል?

የምንኖረው አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። የልዕልት እናት ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ምድር ቤት፣ በሯ ወደ ጋራው ግቢያችን የሚከፈተው ቤት የሷ ነው። የድንቢጥ አባት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የኔና የሱ በር ፊት ለፊት ይተያያል። ሚስቱ የታመመች እናቷን ልታስታምም ከሄደች ወዲህ፣ እሱ ከሥራ እስኪገባ ድንቢጥን እዚያው ቤታቸው የማያት እኔ ነኝ። የልብስ ስፌት መኪናዬ እንደሆነ የትም ቢሆን ይጮሃል።

ሹፌሩ እጁን እየጠራረገ ከጓዳ ወጣ። «ስንት ትፈልጊያለሽ?» አላት።

«ያላችሁን ሁሉ፣ ወንድሜ። እንግዳው ብዙ ነው።»

«ትንሿንም?» ትንሿ የድንቢጥ ናት፤ አባቷ ራሱ ሠርቶ ቀይ ቀለም የቀባት።

«ትንሿማ ዋናዋ ናት፤ ለሕፃናት አይደል እንዴ?»

ይህን ስትል ድንቢጥ ጫማዋን እንደያዘች ከፊቷ ቆማለች። ሰውዬው ግን ወንበሮቹን በትከሻው ተሸክሞ፣ ራሱ ደረጃውን ወርዶ አስረክቧት ተመለሰ።

«አንተ ሰው ነህ ወይስ ጆንያ?» አልኩት፣ ልጅቷ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቄ።

«ወንበር ምን አጠፋ፣ እትዬ?»

«ወንበርማ ምንም አላጠፋም፤ ለዚህ ነዋ የተጠራው።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ቀረ። «ጠሪ አክባሪ ነው። ካልጠራችም መብቷ ነው። ወንበር ስለሰጠሁ ልጄን ጥሪልኝ ብል፣ ልጄን በኪራይ ማስገባቴ ነው። ይቅር። ዝም አይነቅዝም።»

«አንተ አትነቅዝም። እኔ ግን እስከ ቅዳሜ ድረስ ዝም ካልኩ እነቅዛለሁ» አልኩትና ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ወረድኩ። የልዕልት እናት ጉንጯን ነፍታ ፊኛ ትነፋለች። ለመናገር ፊኛውን ከአፏ ማውጣት ስላለባት፣ ንግግሯ ሁሉ በትንፋሽ የታጀበ ነበር።

«ምን መሰለዎት እትዬ፣ ደንብ አወጣሁ። የክፍሏ ልጆች ብቻ። አለበለዚያ ማቆሚያ የለውም። ድንቢጥ ደግሞ ትምህርት ቤቷ ሌላ ነው።»

«ጥሩ ደንብ ነው። ያ የጠራሽው የአለቃሽ ልጅ ታዲያ ከልዕልት ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማረው?»

ፊኛው ከእጇ አምልጦ እየተንፏፏ ሶፋው ሥር ገባ።

«እሱ ሌላ ነው።»

«ሌላማ ነው። ድምፁ መጎርነን ጀምሯል ስትይ ሰምቼሻለሁ።»

«ይረዱኝ እንጂ። እሱን ባልጠራ አባቱ ቅር ይላቸዋል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ነገ ከነገ ወዲያ ስንት ነገር አለ።»

«ድንቢጥስ ቅር አይላትም?»

«ውይ፣ ልጅ አይደለች? ትረሳዋለች።»

እንግዲህ ፍርዱን ተመልከቱ። የሚቀየም ይጠራል፣ የሚረሳ ይቀራል። ደግሞስ ልጅ ይረሳል ያለው ማን ነው? እኔ ዛሬ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ቤቱን ሙሉ የምፈልግ ሴት ነኝ። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ለመላው ክፍል ከረሜላ አድላ እኔ ጋ ስትደርስ የዘለለችኝን ልጅ ግን እስከነአያቷ ስም እጠራላችኋለሁ። የከረሜላውን ቀለም ጭምር።

«እሺ፣ ሁሉን መጥራት አቅምም ቦታም ይጠይቃል፤ ይገባኛል» አልኳት። «ታዲያ ሌላ ቦታ አታደርጊውም? ወይ አባቷን ለብቻው ጠርተሽ አትነግሪውም ነበር? በጋራ ግቢ፣ በመስኮቷ ሥር፣ በራሷ ወንበር ላይ ድግስ ተደግሶ ልጅቷ ጆሮዋን የት ታስቀምጠው?»

«እትዬ ደግሞ ነገር ያከራሉ። ደሞ እርስዎን ጠርቼዎት የለ? እንዲያውም ነገ ቀደም ብለው ቢወርዱልኝ። ሳህን የሚያቀርብልኝ፣ ልጆቹን የሚያስታጥብልኝ ሰው የለኝም።»

«ለሥራ ነዋ የተጠራሁት።»

«እርስዎማ ቤተሰብ ነዎት።»

እኛ ሕንፃ ውስጥ ቤተሰብ ማለት ሳህን የሚያጥብ ነው። ነገ ጉልበቴ ደረጃ አያስወርደኝም አልኳት።

«አሁን እንዴት ወረዱ ታዲያ?»

«ለመናደድ ሲሆን ይታዘዘኛል።»

ቅዳሜ ጠዋት ሹፌሩ ሥራ ነበረው። ከሰዓት በኋላ ግን ሙዚቃው ሳይጀመር መጥቶ ልጁን ወደ መናፈሻ ሊወስዳት ተስማምተን ነበር። ተረኛው ሹፌር ስለዘገየበት ግን በሰዓቱ አልደረሰም። ድንቢጥ ጫማዋን አድርጋ፣ የላላውን ማሰሪያ እኔ ሰፍቼላት፣ አባቷን ትጠብቃለች። ቤቱ ውስጥ አንድም ወንበር ስለሌለ ምሳችንን አልጋው ላይ ቁጭ ብለን በላን። ከምሳ በኋላ ሻንጣ ጎትታ መስኮቱ ሥር አስጠጋችና ላዩ ላይ ወጣች።

«ነይ ውረጂ፣ ቁልፍ እናስተካክል» ብዬ የስፌት ሳጥኔን ዘረገፍኩላት። አልወረደችም። ተረት ልንገርሽ አልኳት። «እየሰማሁዎት ነው» አለችና ፊቷን ከመስኮቱ ሳታነሳ ቀረች።

እኔም ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። የልዕልት እናት ፊኛዎቿን ሁሉ የሰቀለችው ልክ ከመስኮታችን ሥር ባለው ግድግዳ ላይ ነው፤ ከግቢው አዲስ ቀለም የተቀባው እሱ ብቻ ስለሆነ። ልጆቹ ለፎቶ ተሰልፈው ቆመዋል። የአለቃው ልጅ፣ ቁመቱ ከፎቶ አንሺው የሚስተካከለው፣ በአንዱ ወንበር ላይ ተንጋሎ እግሩን ቀይዋ ወንበር ላይ ሰቅሏል።

«ወንበሬን አየኋት» አለች ድንቢጥ። «ኬኩ አጠገብ ናት።»

ከታች ፎቶ አንሺው «ባለልደቷ፣ ወዲህ፣ እኔን እዪኝ» ይላል። ልዕልት ግን እሱ ሊያነሳ ባለ ቁጥር ዞራ ወደ ላይ ታያለች፣ እጇን ታወዛውዛለች፣ «ነይ እንጂ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ትላለች። ማንም አልነገራትም ማለት ነው። ድንቢጥም እጇን ታወዛውዝላታለች።

ሹፌሩ የሥራ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጥሎ በግቢው መሀል አልፎ ሲገባ አየሁት። ራሱን ዝቅ አድርጎ ለሁሉም ሰላምታ ሰጠ። ደረጃውን ወጥቶ ገብቶ ልጁን ከመሳሙ በሩ ተንኳኳ።

የልዕልት እናት ናት። ፈገግ ለማለት እየታገለች ነው። እሱ እንደ ልማዱ «ተቀመጪ» ሊላት እጁን ዘረጋ፤ የሚቀመጡበት ስለሌለ እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«አልቀመጥም፣ ወንድሜ፤ እቸኩላለሁ» አለች። «እንዳትቀየመኝ ብቻ። ፎቶ አንሺው ተቸገረ። ድንቢጥ በመስኮቱ በኩል ፎቶው ውስጥ እየገባች ነው። ልዕልትም እሷን ስታይ ማጅራቷ ብቻ ነው የሚወጣው። እስኪነሱ ድረስ መስኮቱን ብትዘጉልኝ፤ ካልሆነም ልጅቷን ለትንሽ ጊዜ ወደ ጓዳ ብታስገቧት።»

ትናንት ያልተናገርኩት ሁሉ ምላሴ ላይ ተሰለፈ። አፌን ስከፍት ሹፌሩ በዓይኑ ዝም አሰኘኝ። ድንቢጥ ማንም ሳይነግራት ከሻንጣው ወርዳ ወደ ጓዳ መሄድ ጀምራ ነበር። አባቷ ትከሻዋን ይዞ አስቆማት፤ መልሶ ሻንጣው ላይ አወጣት፤ ከጎኗም ቆመ።

«ልጄ እኮ ከቤቷ አልወጣችም» አለ ቀስ ብሎ። «ሳይጠራ ሰው ቤት የገባው የእናንተ ፎቶ ነው።»